«አንድ እንጨት አይነድም፣ አንድ ሰው አይፈርድም»

ይህን አባባል ብዙ ጊዜ የምንሰማው ሽምግልና ላይ ነው። አንዱ ሽማግሌ ሌሎቹ ሳይመጡ ነገሩን ልቋጭ ሲል «ኧረ ይቆዩ፣ አንድ እንጨት አይነድም» ይባላል። ብቻውን የመከረ ሰው ፍርዱ አይበስልም ማለት ነው።

ምንጩ ከጉልቻው ሥር ነው። በእንጨት እሳት ቤት ያደገ ሰው ያውቀዋል። ተጠጋግተው ከሚነዱት መሃል አንዱን ስቦ ለብቻው ቢያስቀምጡት ትንሽ ይጨስና ይጠፋል። አንድ ላይ ሲሆኑ አንዱ የሌላውን ፊት ያግላል። ለብቻው ሲሆን ግን ሙቀቱ በየአቅጣጫው ይባክናል። እናቶቻችን እሳቱ ሲደክም እንጨቱን ገፋ ገፋ አድርገው የሚያገናኙት ለዚህ ነው።

እኔ አባባሉን እንደ አዲስ ያሰብኩበት አራት ኪሎ፣ የጎረቤቴን ልጅ ኬሚስትሪ ሳስጠናው ነው። «ሊሚቲንግ ሪአክታንት»፣ ማለትም ቀድሞ አልቆ የውጤቱን መጠን የሚወስነው ንጥረ ነገር፣ አልገባው ብሎ ተቸግሯል። እናቱ እዚያው አንዷ ክፍል ውስጥ ለቡና ከሰል ታያይዛለች። ክረምት ስለሆነ በሩም መስኮቱም ዝግ ነው።

«ማንደጃውን እይ» አልኩት። ከሰሉን ንጹህ ካርቦን ነው እንበል። 12 ግራም ካርቦን በደንብ ነዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲሆን 32 ግራም ኦክስጅን ይፈልጋል። የሚወጣው 44 ግራም ነው። «ኦክስጅኑ እዚያው 32 ላይ ቆሞ ካርቦኑን 24 ብናደርገውስ?»

«88!» አለ ልጁ ቶሎ ብሎ።

አይደለም። ኦክስጅኑ ቀድሞ ያልቃል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ያው 44 ነው፣ 12 ግራም ከሰል ይተርፋል። ከሰል ብትከምር ብትከምር ውጤቱን የሚወስነው ቀድሞ የሚያልቀው ነው። እንጨቱ ሃምሳ ቢሆንም አየር ከሌለ አንድ እንጨት ነው። ሠርተህ ከ44ቱ 33 ግራም ብቻ ብታገኝ ደግሞ 33ን ለ44 አካፍለህ በመቶ ታባዛለህ፣ 75 ፐርሰንት ይሆናል። «ፐርሰንት ዪልድ» የሚሉት ይህንን ነው።

ግን የተረፈው 12 ግራም ከሰልስ የት ሄደ? እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። በደብተር ላይ ትርፉ ከሰል ዝም ብሎ ይቀመጣል። የጋለ ፍም ውስጥ ግን ዝም አይልም። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያገኘውና ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለውጠዋል። 44ቱ ግራም ከተረፈው 12 ጋር ሙሉ በሙሉ ቢገናኝ 56 ግራም መርዝ ነው። ሽታ የለውም፣ አይታይም። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚይዘውን ቦታ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይይዘዋል። ራስ ምታትና ማዞር ይጀምራል፣ ሰው ድካም መስሎት ጋደም ይላል። «ፍም ሆኗል፣ አይጨስም» ብለን የምንተማመንበት ከሰል እኮ ነው እንዲህ የሚያደርገው! በዝግ ቤት ከሰል አጠገብ መተኛትማ በፍጹም አይሆንም።

እናቱ ማራገቢያዋን ይዛ ስትሰማ ቆይታ ነበር። «ታዲያ እስካሁን ምነው ዝም አልከኝ?» አለችኝ። ማንደጃውን አንስታ ወጣች። ቡናውን ደጅ፣ ቆርቆሮው ሥር ተጠልለን ጠጣን። ልጁም ደብተሩን ይዞ መጣና 88ቱን ሰርዞ 44 ብሎ ጻፈ።