ዴስክቶፕ ኮምፒውተርን በራስ እጅ መገጣጠም በሰሜን ሸዋ

ዴስክቶፕ ኮምፒውተርን በራስ እጅ መገጣጠም ማለት ማዘርቦርድ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋና ሰሌዳ)፣ ፕሮሰሰር (ስሌቱን የሚሠራ ቺፕ)፣ ራም (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ)፣ ማከማቻ፣ ፓወር ሰፕላይ (ኃይል አከፋፋይ) እና ኬዝ (ሣጥኑ) ለየብቻ ገዝቶ አንድ ማሽን ማድረግ ነው። የተለያዩ ፋብሪካዎች ዕቃ አብሮ የሚሠራው በጋራ ልክ ስለሚመረት ነው፤ ኢንቴል በ1995 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤቲኤክስ የተባለው ደረጃ ዛሬም የብሎን ቀዳዳዎቹን ቦታና የፓወር ሰፕላዩን ቅርጽ ይወስናል። ብሎን ማሰር የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። በሰሜን ሸዋ ጀማሪን የሚፈትኑት የዕቃ ምርጫው፣ የኤሌክትሪክ መስመሩና የአየሩ ጠባይ ናቸው።

በቅድሚያ የሚወሰነው ፕሮሰሰሩና ማዘርቦርዱ ነው፤ ሌላው እነርሱን ይከተላል። የኢንቴል 12ኛ ትውልድ ኤልጂኤ 1700 የተባለ ሶኬት (በማዘርቦርዱ ላይ ያለ የፕሮሰሰር መቀመጫ) ይፈልጋል፤ የኤኤምዲ ሬይዘን 5000 ኤኤም4፣ ሬይዘን 7000 ደግሞ ኤኤም5። ዲዲአር4 የተባለው የራም ትውልድ በአዲሱ የዲዲአር5 ማስገቢያ አይገባም፤ እንቢ ካለ በጉልበት መግፋት ሁለቱንም መስበር ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ዕቃ አልገጥም ቢል ለመመለስ የአንድ ቀን ሥራ ይፈታል። ስለዚህ የሞዴል ቁጥሮቹን ጽፎ ሳያመሳክሩ ገንዘብ መቁጠር አይገባም። ያገለገለ የዴል ወይም የኤችፒ የቢሮ ኮምፒውተር ገዝቶ ማሻሻልም ይቻላል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ሞዴሎች የፓወር ሰፕላይ መሰኪያቸው የፋብሪካው የራሱ ስለሆነ ተራውን ኤቲኤክስ አይቀበሉም።

ገንዘብ የሚቆጠብበት ቦታ ፓወር ሰፕላይ አይደለም። የአገራችን መስመር 220 ቮልት ነው። በአንዳንድ አሮጌ ፓወር ሰፕላዮች ጀርባ 115 እና 230 የተጻፈበት ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለ፤ 115 ላይ እንዳለ ከተሰካ ፍንዳታው ከጎረቤት ይሰማል። መብራት ሲጠፋ መሰኪያውን መንቀል፣ ሲመጣም ትንሽ መታገሥ ጥሩ ልማድ ነው፤ ጉዳት የሚያደርሰው አብዛኛውን ጊዜ የመመለሻው ቅጽበት ነውና። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) የሚገዛ ሰው ደግሞ ቪኤ (ቮልት አምፔር) እና ዋት አንድ እንዳልሆኑ ይወቅ፦ 650 ቪኤ የተጻፈበት ዩፒኤስ የሚሸከመው ብዙውን ጊዜ ከ400 ዋት አይበልጥም።

የመሬት ሽቦ በሌለው ቤት የኬዙን ብረት የነካ ጣት ንዝረት ይሰማዋል። ይህ የግድ የዕቃ ብልሽት አይደለም፤ በፓወር ሰፕላዩ መግቢያ ያለው ማጣሪያ ወደ መሬት የሚሸኘው ጥቂት ኃይል መውጫ አጥቶ ነው። መፍትሔው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቶ የመሬት መስመር ማስገባት እንጂ ጫማ አድርጎ መቀመጥ አይደለም።

ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ውርጩ በሚበረታበት ወቅት፣ የደጋው አየር ደረቅ ነው። ሹራብ ሲወልቅ ጠሽ ጠሽ የሚለው ብልጭታ ለማዘርቦርድ ጠላት ነው፤ ሰው የማይሰማው መጠን እንኳ ቺፕ ሊገድል ይችላል። ሹራቡን አስቀድሞ አውልቆ፣ በየመሐሉ ቀለም ያልተቀባውን የኬዙን ብረት እየነኩ መሥራት ይበቃል። ደብረ ብርሃን በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ስመ ጥር ናት፤ ማዘርቦርድ ግን በመጣበት ካርቶን ላይ እንጂ በሱፍ ብርድ ልብስ ላይ አይቀመጥም።

ከፍታውም የራሱ ጣጣ አለው። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ስለሚሳሳ ፋን የሚያስወግደው ሙቀት ይቀንሳል፤ ብርዱ ግን ይክሳል። ትልቅ ሂት ሲንክ (የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያስወጣ ብረት) የሚያስፈልገው ቁልቁል ሸዋ ሮቢት ለሚኖር ሰው ነው፤ እዚያ ሙቀቱም አቧራውም አለ። ከጣርማበር ብርድ ወርዶ ሸዋ ሮቢት የደረሰ ዕቃ ወዲያው ቢከፈት ጤዛ ሊይዝ ስለሚችል፣ እንደታሸገ ጥቂት ሰዓት ይቆይ። ሃርድ ዲስክ ደግሞ መርፌው የሚንሳፈፈው በአየር ላይ ስለሆነ የብዙዎቹ የሥራ ከፍታ ወሰን 3,000 ሜትር አካባቢ ነው። ከ3,200 ሜትር በላይ በሆነው የመንዝ ጓሳ ዙሪያ ኤስኤስዲ (የሚንቀሳቀስ ክፍል የሌለው ማከማቻ) መግዛት ይሻላል።

ግጣሙ ራሱ ከኬዙ ውጪ ይጀመራል። በፕሮሰሰሩ ጥግ ያለችው ሦስት ማዕዘን ከሶኬቱ ምልክት ጋር ስትገጥም ያለ ግፊት ይቀመጣል። መሐሉ ላይ አተር የምታህል ተርማል ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ተደርጎ ሂት ሲንኩ ይታሰራል። ሁለት ራም ካለ፣ አራት ማስገቢያ ባለው ማዘርቦርድ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር በ2ኛውና በ4ኛው ይገባል፤ ጫፉ ቀጭ እስኪል መጫን ነው። ከዚያ ማዘርቦርዱ ኬዙ ውስጥ ገብቶ ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጡት ባለ 24 ፒን (ለማዘርቦርዱ) እና ባለ 8 ፒን (ለፕሮሰሰሩ) ገመዶች ይሰካሉ። ግራፊክስ ካርድ (ምስል የሚያወጣ ተጨማሪ ካርድ) ካለ የስክሪኑ ገመድ የሚሰካው ከካርዱ ነው።

ፋን ዞሮ ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ በቅድሚያ የሚጠረጠሩት ያልተቀመጠ ራምና የተረሳው ባለ 8 ፒን ገመድ ናቸው። አዲስ ዲዲአር5 ማሽን ግን ራሙን ሲለማመድ ለደቂቃዎች ጨልሞ ሊቆይ ስለሚችል ቶሎ ማጥፋት አይገባም። ባዮስ (የማዘርቦርዱ የራሱ ማስተካከያ ገጽ) ሲከፈት የፕሮሰሰሩ ሙቀት ይታያል፤ ምንም ሥራ ሳይሰጠው ወደ 90 ዲግሪ ከወጣ ሂት ሲንኩን ፈትቶ ከሥሩ ያልተላጠ ስስ ፕላስቲክ መኖሩን ማየት ነው።