«ሞተር ካለው ምን ያደክማል?» ስለ ኤሌክትሪክ ሳይክልና ስለ ወሎ ዳገት የሚወራው

የኤሌክትሪክ ሳይክል ወሎ ውስጥ እንደ ባጃጅ ገና አልተለመደም። ወሬው ግን ቀድሞ ደርሷል። ከፊትም ከኋላም ሞላ ስላለው፣ ለኮረኮንችና ለተራራ ስለተሠራው ዓይነት የምሰማውን ላንሳ።

«ቁጭ ብሎ መሄድ ነው»

አይደለም። አብዛኛው የተራራ ዓይነት ፔዳል ካልመታችሁ ንቅንቅ አይልም። ሞተሩ እግራችሁን ያግዛል እንጂ አይተካም። ላብ አለ፤ ምላስ ማውጣቱ ነው የሚቀረው።

«ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች አቅም ያንሰዋል»

ይኼ ከቤንዚን ሞተር የመጣ ሐሳብ ነው። ቤንዚን አየር ሲሳሳ ይደክማል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደሴም ሆነች ከሥሯ ያለችው ኮምቦልቻ ለእሱ አንድ ናቸው። የሚያለከልከው ጋላቢው ነው። ብርድ ግን ባትሪን ያዳክማል። ከላሊበላ በማለዳ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚወጣ ሰው ባትሪውን ቤት ውስጥ ያሳድር።

«ካርቶኑ 100 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይላል»

አዎ፣ ሜዳ ላይ፣ በትንሹ እገዛ። ወሎ ውስጥ የሚቆጠረው ዳገቱ ነው። ሰውና ሳይክል ተደምረው 100 ኪሎ ቢመዝኑ፣ 100 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ብቻ 27 ዋት ሰዓት (የባትሪ ጉልበት የሚለካበት ነው) ገደማ ይበላል። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ 600 ሜትር ነው። የመንገዱንና የሞተሩን ብክነት ጨምሩበት። ሁሉንም ለሞተሩ ከተዋችሁት፣ ከ500 ዋት ሰዓት ባትሪ ግማሽ ያህሉ ቢያልቅ አይግረማችሁ።

«ግድ የለም፣ ቁልቁለቱ ይሞላዋል»

እኔን የሚያናድደኝ ይኼኛው ነው። ሞተሩ መሀል ፔዳሉ ጋ የተገጠመለት ሳይክል ሲወርድ ባትሪ አይሞላም። ቸርኬ ውስጥ ከሚገጠሙት አንዳንዶቹ ይሞላሉ፤ የሚመልሱት ግን ትንሽ ነው። ሐረጎን፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለውን ቁልቁለት፣ ስትወርዱ ያ ሁሉ ጉልበት ፍሬኑ ላይ ሙቀት ሆኖ ነው የሚያልቀው። ሳይክሉ ደግሞ ብቻውን ከ20 እስከ 25 ኪሎ ይመዝናል። ፍሬኑን ጨብጣችሁ ሳትለቁ ከወረዳችሁ ዲስኩ ይግላል፣ ሸራው መያዝ ያቅተዋል፣ መጨበጫው እጃችሁ ውስጥ እየላላ ይመጣል። ከጥምዙ በፊት በሁለቱም ፍሬን ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ፣ ከዚያ ልቀቁት፣ ይተንፍስ። የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ ቁሙ። ሰው ዳገቱን ፈርቶ ሞተር ይገዛል፤ ሞተሩ ቁልቁለት ላይ ምንም እንደማይረዳው ግን ማንም አይነግረውም።

«ሞላው በለሰለሰ ቁጥር ይሻላል»

ሞላ ለመቀመጫ ምቾት ብቻ አልተሠራም። ዋና ሥራው ጎማው ከመሬት እንዳይነጠል ማድረግ ነው። በጣም ከለሰለሰ እስከ መጨረሻው ይገባና ይደበድባችኋል፤ ፔዳሉም ድንጋይ ይመታል። ከጠነከረ ጎማው ይዘላል። አለካኩ ቀላል ነው። ሾኩ (በአየር የሚሠራው የኋላ ሞላ) ዘንግ ላይ ቀጭን የጎማ ቀለበት አለች። እስከ ጫፍ ግፏት። ቦርሳችሁን አዝላችሁ ቀስ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ሳትነጥሩ ውረዱ። ቀለበቷ የሾኩን ጉዞ ከ25 እስከ 30 በመቶ ከተንሸራተተች ልክ ነው። አየሩ የሚሞላው በራሱ በሾክ ፓምፕ ነው። የጎሚስታው ኮምፕረሰር አይሆንም፣ በፍጹም።

«ዝናብ ከነካው ተቃጠለ»

ዝናብ ይችላል። የሞላ ወንዝና የመኪና እጥበት ፓምፕ ነው የማይችለው። የክረምቱ ጠላት ዋልካው ነው። ጎማና ቴላዮ መሀል ይጠቀጠቅና ጎማውን ያቆመዋል። ሞተሩን አታስጨንቁት፤ ውረዱና በእንጨት ጫሩት።

«ድምፅ ስለሌለው ማንንም አይረብሽም»

ሰኞ ወደ ባቲ ገበያ የሚሄደውን ግመል ጠይቁት። ከኋላው ድንገት ከች ካላችሁበት ይደነብራል። ከሩቅ ተጣሩ፣ ነጂው እስኪይዘው ጠብቁ።

«ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይዤው እመጣለሁ»

ባትሪውን አያስገቡላችሁም። ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ መለዋወጫ የሊቲየም ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን በእጅም በሻንጣም አይፈቀድም። የተራራ ሳይክል ባትሪ ከዚያ እጥፍም ይበልጣል። ላሊበላም ኮምቦልቻም አውሮፕላን ማረፊያ ቢኖራቸውም፣ ለባትሪው ያለው አማራጭ መኪና ነው። ስትጭኑት ከሳይክሉ ነቅላችሁ ለብቻው ጠቅልሉት።