መብራት መጣ ሲባል ምኑ ነው የሚመጣው?

ድሬዳዋ ላይ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚታወቀው በቬንትሌተሩ ነው። ክንፉ ቀስ እያለ ይቆማል፣ ሙቀቱም ወዲያው ይጫነናል። ቆይቶ ልጆች «መጣ!» ብለው ይጮኻሉ። ኃይሉ እውነትም መጥቷል። ኤሌክትሮኖቹ ግን የትም አልሄዱም ነበር። መብራት በሌለበት ሰዓትም እዚያው ግድግዳው ሽቦ ውስጥ ናቸው።

ቁስ ሁሉ ከአቶም የተሠራ ነው። የአቶም መሐል ኒውክለስ ይባላል። ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው ፕሮቶኖችና ቻርጅ የሌላቸው ኒውትሮኖች ያሉት እዚያ ነው። ዙሪያውን ኔጋቲቭ የሆኑት ኤሌክትሮኖች አሉ። አንድ ፕሮቶን ከአንድ ኤሌክትሮን 1,836 ጊዜ ያህል ይከብዳል። ኤሌክትሮንን የፊዚክስ ሊቁ ቶምሰን በ1897፣ ኒውክለስን ሌላው ሊቅ ራዘርፎርድ በ1911 እ.ኤ.አ. አሳወቁ።

አሁን ሽቦ ሲላጥ ልብ ብላችሁ እዩ። ፕላስቲኩ ሲነሳ ቀላ ያለ መዳብ ብቅ ይላል። መዳብ 29 ፕሮቶንና 29 ኤሌክትሮን አለው። ኤሌክትሮኖቹ 2፣ 8፣ 18 እያሉ በየደረጃው ይሰፍሩና አንዷ ብቻዋን ውጭ ትቀራለች። ጨዋታው ሁሉ የእሷ ነው። መዳቡ ውስጥ ለአንድ አቶም ብቻ አትገዛም፤ ሽቦው በሙሉ ሰፈሯ ነው። የፕላስቲክ ኤሌክትሮኖች ግን ከየቤታቸው አይወጡም። ሽቦውን በፕላስቲኩ በኩል ስንይዘው የማይነዝረን ለዚህ ነው።

የሚገርመው፣ ኤሌክትሮኖቹ ቀርፋፋ ናቸው። በቤት ሽቦ ውስጥ ግፊቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ቢሆን እንኳ በሰከንድ አንድ ሚሊሜትር አይሞላቸውም። ታዲያ አምፖሉ እንዴት ወዲያው ይበራል? እዚሁ ድሬዳዋ ካፊራ ገበያ ሰው ሲጠቀጠቅ ከኋላ ገፋ ካደረጉ ፊት ያለውም ይነቃነቃል። ሽቦውም እንዲሁ ነው፣ ግፊቱ ከኤሌክትሮኖቹ በጣም ይፈጥናል። የቤታችን መብራት ደግሞ 50 ኸርትዝ ስለሆነ በሰከንድ 50 ጊዜ እየተመላለሱ እዚያው ይወዛወዛሉ።

የድሬ ሙቀትም እዚህ ውስጥ እጁ አለበት። መዳብ ሲሞቅ አቶሞቹ ይበልጥ ይንቀጠቀጣሉ፣ ኤሌክትሮኖቹንም ያደናቅፋሉ። በየዲግሪው ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ኤሌክትሮኖቹን የማገድ አቅሙ፣ 0.4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከ20 ወደ 40 ዲግሪ ሲወጣ 8 በመቶ ያህል ይሆናል። ሽቦ ሲግል ዋናው ጥፋት ግን የእኛ ነው፦ ምጣድን የሚያህል ነገር በቀጭን ሽቦ እንሰካና ፕላስቲኩ መሽተት ሲጀምር እንደነግጣለን።

የሽቦውን ሙቀት የሚወልደው ከረንቱ፣ ማለትም የኤሌክትሮኖቹ ፍሰት ነው። ቮልቴጁ፣ ማለትም ግፊቱ፣ ከፍ ካለ ያንኑ ኃይል በትንሽ ከረንት ማድረስ ይቻላል። ቤታችን 220 ቮልት ሲበቃው፣ ከአዲስ አበባ በድሬዳዋ በኩል ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ 25,000 ቮልት የሚወስደው በዚህ ምክንያት ነው።