የጨው ውሃ አኳሪየም በወሎ ደጋ፦ የፓምፕ ብልሽትና የኮረንቲ አደጋ

የጨው ውሃ አኳሪየም ኮራል (ድንጋይ የሚመስል አጥንት የሚሠራ የባሕር እንስሳ)፣ ክላውንፊሽ የሚባል ዓሳ፣ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ የሚኖሩበት የመስታወት ገንዳ ነው። ውሃው በኪሎ 35 ግራም ገደማ ጨው አለው። ከኮምቦልቻ ተነስቶ በባቲ በኩል ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ የሚያበቃው ቀይ ባሕር ላይ ነው፣ ቀይ ባሕር ደግሞ በኮራሉ ዓለም ያውቀዋል። ደሴ ግን ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። እዚህ ላይ ባሕሩን የሚሠራው ፓምፑ ነው። ማዕበሉም እሱ፣ ነፋሱም እሱ።

በቅድሚያ ስለ ጨው። ለወሎ ሰው የአፋር ጨው አዲስ ነገር አይደለም፣ በባቲ ሰኞ ገበያ ስንት ዘመን ሲሸጥ ኖሯል። ለኮራል ግን አይሆንም። የባሕር ውሃ ሶዲየምና ክሎራይድ ብቻ አይደለም፤ በኪሎ 1.3 ግራም ገደማ ማግኒዚየምና 0.4 ግራም ገደማ ካልሲየም አለው። ኮራል አጥንቱን የሚገነባው በካልሲየም ነው። ስለዚህ ለአኳሪየም ተብሎ የተመጠነ ጨው ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ፓምፑ። ውሃ ውስጥ የሚነከረው ፓምፕ አሠራሩ ቀላል ነው። የመዳብ ጥቅልሉ በጠንካራ ፕላስቲክ (ኢፖክሲ) ተደፍኖ ውሃ እንዳይነካው ይደረጋል። መሀል ላይ ባለው ቀዳዳ ውስጥ ማግኔት ያለበት መዘውር አለ። ኮረንቲው ማግኔቱን ያዞረዋል፣ መዘውሩ ውሃውን ይገፋል። ማለትም የሚዞረው ክፍል ውሃ ውስጥ ነው፣ ኮረንቲ ያለበትን ክፍል ደግሞ ከውሃው የሚለየው ያ ሚሊሜትሮች ብቻ ውፍረት ያለው ፕላስቲክ ነው።

የሚበላሸውም በዚሁ መንገድ ነው። በጣም የተለመደው ብልሽት ኖራ ነው። ከጨው ውሃ የሚወጣው ካልሲየም መዘውሩ ላይ ይጋገርና ፓምፑ መጀመሪያ ይጮኻል፣ ከዚያ ይግላል፣ አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ መነሳት ያቅተዋል። እስከዚያ ድረስ ይዞር የነበረው አስቀድሞ በመዞር ላይ ስለነበረ ነው እንጂ ደህና ስለሆነ አይደለም። መድኃኒቱ ቤት ውስጥ አለ፦ አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅሎ መዘውሩን መዘፍዘፍ። ኖራው አረፋ እያወጣ ይለቃል፤ አረፋው ሲያቆም በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ማሸትና በደንብ ማጠብ ነው። ቀንድ አውጣ ወይም ወደ ፓምፑ የተጠጋ አኔሞን (አበባ የሚመስል የባሕር እንስሳ) መግቢያውን የሚዘጋበት ጊዜም አለ።

ከባዱ ብልሽት ሌላ ነው። ፓምፑ ደጋግሞ እየጋለና እየቀዘቀዘ ሲኖር ኢፖክሲው ይሰነጠቃል፣ ጨው ውሃው ይገባና መዳቡን ይበላዋል። እዚህ ላይ ሁለት መርዝ ባንድ ጊዜ ይወጣል። አንዱ መዳቡ ራሱ ነው፤ ሽሪምፕ፣ ቀንድ አውጣና ኮራል ትንሽ መዳብ እንኳ አይችሉም። ሁለተኛው ኮረንቲው ነው። ማግኔቱም ቢሆን ሽፋኑ ከተላጠ ይዝጋል፣ ያብጣል፣ ይጣበቃል። ፓምፑን ስትከፍቱ ማግኔቱ ላይ ቡኒ ዝገት ወይም እብጠት ካያችሁ፣ ገላው ላይ የፀጉር ያህል የቀጠነች ስንጥቅ ካገኛችሁ፣ በሲሊኮን ልድፈናት አትበሉ። ጣሉት።

ፓምፕ ሲቆም ዓሳው የሚያልቀው በረሃብ ወይም በብርድ አይደለም፣ በመታፈን ነው፤ ውሃው ካልተናወጠ ከአየሩ በቂ ኦክስጅን አይገባበትም። ከፍታችን ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። በባሕር ጠረፍ 25 ዲግሪ የሞቀ የጨው ውሃ በሊትር 6.7 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ያው ውሃ የሚይዘው 5 ሚሊግራም ገደማ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ትንሽ ትሻላለች። በውጭ አገር መመሪያ ላይ ፓምፕ ቆሞ ዓሳ ይህን ያህል ሰዓት ይቆያል የሚል ካነበባችሁ፣ የተጻፈው ለባሕር ጠረፍ ሰው ሊሆን ስለሚችል ቀንሳችሁ ያዙት። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ለደሴ ሰው ቅንጦት አይደለም።

ኮረንቲው ላይ ረጋ ብለን እንሂድ፣ ምክንያቱም ዓሳ ይተካል፣ ሰው አይተካም። የእኛ አገር መስመር 220 ቮልት ነው። የባሕር ውሃ ከቧንቧ ውሃ በብዙ አሥር እጥፍ ኮረንቲ ያስተላልፋል። እጁ የራሰ ሰው ሰውነት መቋቋሚያው 1,000 ኦም ገደማ ቢሆን፣ በ220 ቮልት የሚያልፍበት 220 ሚሊአምፔር ነው። ልብን ለማወክ ከዚህ በጣም ያነሰ ይበቃል።

ብዙ ሰው «ብሬከር አለኝ» ብሎ ይተኛል። ቆጣሪው አጠገብ ያለው ተራ ብሬከር ግን የተሠራው ገመዱ እንዳይቃጠል ነው። 16 አምፔር ብሬከር ማለት 16,000 ሚሊአምፔር ነው፤ ሰው እየነዘረው፣ እጁ እየተጣበቀ፣ ብሬከሩ ምንም አይሰማውም። ሰውን የሚያድነው አርሲዲ የሚባለው ነው። በአንዱ ሽቦ የሄደውና በሌላው የተመለሰው ኮረንቲ እኩል መሆኑን ይከታተላል፣ ልዩነቱ 30 ሚሊአምፔር ሲደርስ፣ ማለትም ኮረንቲው በሰው ወይም በውሃ በኩል ሌላ መንገድ ሲያገኝ፣ ከሰከንድ ሦስት አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል። እኔ ማንም የጨው ውሃ ገንዳ ሊያቆም ሲነሳ ከመጀመሪያው ኮራል በፊት ይህን እንዲገዛ እለምናለሁ። የሚያስገባው ኤሌክትሪሺያን ይሁን፣ የቤቱንም ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደውን የመከላከያ ሽቦ) ያኔውኑ ይፈትሽ።

ውሃው ውስጥ የሚነከር የቲታኒየም የኧርዝ ዘንግም አለ። አርሲዲ ካለ ጥሩ ነው፣ ፍሳሽ በተፈጠረ ቅጽበት እንዲቆርጥ ያደርገዋል። አርሲዲ በሌለበት ቤት ግን ኮረንቲው በውሃው ውስጥ ሳይቆረጥ የሚፈስበት መንገድ ሊከፍት ይችላል። ቴስተር ገንዳው ውስጥ ነክራችሁ 20 ወይም 30 ቮልት ብታዩ አትደናገጡ፤ ደህና ፓምፕም ፍሳሽ ሳይኖርበት ይህን ያህል ሊያሳይ ይችላል። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እየነቀላችሁ እዩ። በአንዱ ብቻ ንባቡ ድንገት ከወረደ እሱን ጠርጥሩ። ጣት መንከር ግን መመርመሪያ አይደለም። ጣቱ ላይ ጭረት ያለበት ሰው ጨዉም ይቆነጥጠዋል፣ ኮረንቲውም ይቆነጥጠዋል።

የጨው ውሃ ሌላ ባሕርይ አለው፦ ይወጣል። የሚረጨው ነጠብጣብ ይደርቅና ነጭ ቅርፊት ይሆናል፣ ቅርፊቱ በገመዱ ላይ እየተሳበ ሶኬት ድረስ ይደርሳል። እርጥበት ሲያገኝ ኮረንቲ ያስተላልፋል፣ ብዙ ሶኬት ያለውን ማከፋፈያ ያቃጥላል። ስለዚህ ማከፋፈያ ከገንዳው በታች ወለል ላይ አይቀመጥም፣ ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ ይሰቀላል። እያንዳንዱ ገመድም ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ከሶኬቱ በታች ዝቅ ብሎ መታጠፍ አለበት፤ በገመዱ የሚወርደው ውሃ እዚያ መታጠፊያው ላይ ይንጠባጠባል። ምንም ወጪ የለውም።

መብራት መጥፋቱ ብቻ ሳይሆን መምጣቱም ችግር ነው። ሲመጣ ቮልቴጁ ሊዘል ይችላል፣ ክረምት ላይ ደግሞ መብረቅ አለ። ሲጠፋ ደግሞ፣ ፓምፑ ውሃውን ከሥር ካለ ሁለተኛ ገንዳ ወደ ላይ የሚገፋ ከሆነ፣ የላይኛው ገንዳ ውሃ በቱቦው ወደ ታችኛው ይመለሳል፤ ቱቦው ላይ ከውሃው ወለል ትንሽ ዝቅ ብሎ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ከሌለ የታችኛው ሞልቶ ሳሎኑን ያጥለቀልቃል። ቀዳዳውን ኖራ ስለሚደፍነው በየጊዜው መጥረግ ግድ ነው። ኢንቨርተር የምትገዙ ከሆነ ፒውር ሳይን ዌቭ የሚባለውን፣ እንደ መስመሩ ኮረንቲ ለስላሳ ሞገድ የሚሰጠውን ጠይቁ። በርካሹ ላይ ተራ ፓምፕ ይጮኻል፣ ይግላል። በ24 ቮልት የሚሠሩት ፓምፖች ለእጅ ብዙ ይሻላሉ፣ ትራንስፎርመራቸው ግን የግድ ከውሃው ውጭ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ።

ደሴ ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ሲበርድ ማሞቂያው ሥራ ይበዛበታል። መስታወት የሆነው ማሞቂያ ውሃ ሲጎድል ከውሃው ውጭ ሆኖ ይግላል፣ ውሃ ሲጨመርበት ይሰነጠቃል። ውሃ ከመቀየር በፊት ማሞቂያውን መንቀል፣ ከዚያ ፓምፑን መንቀል፣ ከዚያ እጅ ማስገባት። ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም፣ ከሶኬቱ ይነቀል።

አርሲዲ አንድ ጉድለት አለው። ሌሊት ከቆረጠ ሁሉንም ያጠፋል፣ ዓሳው ጠዋት ድረስ ይታፈናል። ስለዚህ ሁሉንም ዕቃ በአንድ አርሲዲ ላይ አታድርጉ። አንዱ ፓምፕ ከማሞቂያው ጋር በአንዱ፣ ሌላው ፓምፕ በሁለተኛው ይሁን፣ የባትሪው አየር ፓምፕ ደግሞ መብራት ሲቋረጥ በራሱ የሚነሳ ዓይነት ይሁን። አርሲዲው ላይ ያለችውን የመሞከሪያ ቁልፍ በወር አንዴ ጫኗት። ካልቆረጠች ተበላሽታለች፣ እስክትቀየር ድረስ ዕቃዎቹ ሳይነቀሉ ገንዳው ውስጥ እጅ አይገባም።