ካይሚራ

ካይሚራ በእንግሊዝኛ ለማይጨበጥ ሐሳብ፣ እውን ሊሆን ለማይችል ምኞት የሚሰጥ ስም ነው። ሥሩ ግሪክኛ ሲሆን በመነሻው እንስት ፍየል ማለት ነበር። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ግን የግሪኮች ተረት አውሬ ስም ሆኖ ነው፤ የከንቱ ምኞት ትርጉሙን ያገኘው ከዚያ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው።

አውሬዋን የጥንቱ ግሪካዊ ባለቅኔ ሆሜር ከፊት አንበሳ፣ ከመካከል ፍየል፣ ከኋላ እባብ፣ ትንፋሿም እሳት አድርጎ ይገልጻታል። መኖሪያዋ ሊቅያ፣ የዛሬዋ ቱርክ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ ነበር፤ የገደላትም ቤለሮፎን የተባለው ጀግና ነው። በዚያው ምድር፣ ያናርታሽ በተባለ ተራራ ላይ፣ ከዓለት ስንጥቅ የሚወጣ ጋዝ ዛሬም ሌት ተቀን ይነዳል፤ የተረቱን እሳት ከዚህ ጋር የሚያያይዙ ብዙዎች ናቸው። መልኳን ማየት ለሚሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1553 በጣሊያን አሬትሶ ከመሬት ተቆፍሮ የወጣው ድንቅ የነሐስ ሐውልት ፍሎረንስ በሚገኘው የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ይገኛል።

የቃሉ ጉልበት ያለው በአውሬዋ አፈጣጠር ላይ ነው። አንበሳም፣ ፍየልም፣ እባብም አለ፤ የሌለው የሦስቱ አንድ አካል መሆን ነው። ስለዚህ ካይሚራ እንዲሁ ቅዠት አይደለም። ክፍል ክፍሉ ሲታይ የሚያሳምን፣ ሲገጣጠም ግን የማይቆም ሐሳብ ነው፤ አደገኛነቱም ከዚህ ይመጣል። ያለ ምንም ኃይል ለዘላለም የሚሽከረከር ማሽን ሁነኛ ምሳሌ ነው፦ መንኮራኩሩም ክብደቱም ይዳሰሳሉ፣ ማሽኑ ግን አይኖርም። ስንቶች ዕድሜያቸውን ፈጅተውበታል! የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1775 እንዲህ ያለ ፈጠራ ከእንግዲህ አልመረምርም እስከማለት ደርሷል። የኛው «ላም አለኝ በሰማይ» ይቀርበዋል፤ ሆኖም ተረቱ እጅ ስለማይደርስበት ሀብት ሲናገር፣ ካይሚራ ከነጭራሹ መኖር ስለማይችለው ነገር ነው።

ቃሉ ከዕለት ጨዋታ ይልቅ የጽሑፍ ቃል ነው። ቅጽሉ ካይሜሪካል ሲሆን፣ አንድን ዕቅድ በዚህ ስም መጥራት ጠንከር ያለ ነቀፋ ነው።

ባዮሎጂ ግን ነቀፋውን አንስቶለታል። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሃንስ ቪንክለር እ.ኤ.አ. በ1907 ሁለት የተለያዩ ተክሎችን አጣብቆ ያበቀለውን ካይሚራ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ ከበግና ከፍየል ፅንስ ሕዋሳት የተገኘ ሕያው እንስሳ ለሳይንሱ ዓለም ይፋ ሆነ። ከሁለት የተለያዩ ፅንሶች የመጡ ሕዋሳት በአንድ አካላቸው የያዙ ሰዎችም አሉ፤ ሐኪም ለእነሱ ቃሉን ሲጠቀም በምርመራ የሚረጋገጥ እውነት እየመዘገበ ነው።