የእንስሳት ተረፈ ምርት መኖ ምንድን ነው? ሕግስ ለምን አስፈለገው?

አንድ በሬ ሲታረድ ሰው ሁሉንም አይበላውም። አጥንቱ፣ ደሙ፣ ሞራውና አብዛኛው የሆድ ዕቃው ይቀራል። ተረፈ ምርት የሚባለው ይሄ ነው። ተፈጭቶ፣ ተቀቅሎና ደርቆ ሲወጣ ፕሮቲንና ፎስፈረስ የሞላው ዱቄት ይሆናል፤ ለዶሮና ለዓሣ ደህና መኖ ነው። መጣሉም ያሳዝናል።

ችግሩ የማን ተረፈ ምርት ለማን ተሰጠ የሚለው ላይ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ሣር በሊታዋን ላም የላም አጥንት ዱቄት ያበሏት ነበር፤ በ1986 እ.ኤ.አ. የእብድ ላም በሽታ ታወቀ። መንስኤው ፕሪዮን የሚባል ቅርጹ የተዛባ ፕሮቲን ነው። ባክቴሪያም ቫይረስም ስላልሆነ ተራ ቅቅል አያጠፋውም። የአንዲት የታመመች ላም አንጎል ከሌላው ጋር ተፈጭቶ መኖ ውስጥ ከገባ ስንት በረት እንደሚደርስ አስቡት። ከ180,000 በላይ ከብቶች ታመሙ። በ1996 ደግሞ ሰውንም ሳይይዝ እንዳልቀረ መንግሥት ይፋ አደረገ።

እንግሊዝ ዱቄቱን ለሚያመሰኩ እንስሳት የከለከለችው ቀድማ፣ በ1988 ነበር። ሆኖም ከክልከላው በኋላ የተወለዱ ከ40,000 በላይ ከብቶች ታመሙ! ለምን መሰላችሁ? ለአሳማና ለዶሮ ገና አልተከለከለም ነበርና ያንኑ ዱቄት የሚፈጨው ፋብሪካ የላሟንም መኖ ያዘጋጅ ነበር፤ ማሽኑ ላይ የቀረችው ብናኝ በቂ ነበረች። ለእኔ የጉዳዩ እምብርት ይሄ ነው። መከልከሉ ቀላል ነው፤ ከባዱ አለማደባለቁ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት በ2001 ከጥቂት ነገሮች በቀር ለእርባታ እንስሳት ሁሉ ዘጋው። አሁን ተረፈ ምርትን በ3 ምድብ ይከፍላል። እንደ ላም አንጎልና ህብለ ሰረሰር ያለው አደገኛው 1ኛ ምድብ ነው፤ ወደ መኖ ድርሽ አይልም። በረት ውስጥ የሞተ አሳማ ወይም ዶሮ 2ኛው ውስጥ ይገባል፤ እሱም ለእርባታ እንስሳት አይሰጥም። ለመኖ የሚታሰበው 3ኛው ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ለሰው ምግብ ብቁ ተብሎ ከታረደ እንስሳ የተረፈው። ከ2021 ወዲህ የአሳማ ዱቄት ለዶሮ፣ የዶሮውም ለአሳማ ተፈቅዷል። የራስን ዘር መብላት ግን አሁንም ክልክል ነው፤ ለላምና ለበግ ደግሞ የሥጋና የአጥንት ዱቄት ጨርሶ አይሰጥም።

ስለዚህ ለከብቶቻችሁ የተዘጋጀ መኖ ስትገዙ ጆንያው ላይ የተጻፈውን አንብባችሁ ብቻ አትለፉ። በዚያው ማሽን ሌላ ምን እንደሚፈጭም ጠይቁ።