ቪዲዮ ሲቆራረጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፊልሙ ወይም ኳሱ መሃል ላይ ቆሞ ክቡ መዞር ሲጀምር አብዛኛው ሰው ከሦስት ነገሮች አንዱን ያደርጋል፤ ራውተሩን ነቅሎ ይሰካል፣ ለኔት አቅራቢው ደውሎ ይቆጣል፣ አለዚያም ከፍ ያለ ፓኬጅ ይገዛል። ሦስቱም አንዳንዴ ይሠራሉ። ችግሩ የት እንዳለ ሳይጣራ የሚደረጉ ስለሆኑ ግን ብዙውን ጊዜ ገንዘብና ትዕግሥት ያስጨርሳሉ። ቪዲዮ ወደ እርስዎ ሲመጣ ሦስት ቦታ ላይ ሊሰናከል ይችላል፦ ከውጭ እስከ ራውተሩ ባለው መስመር፣ ከራውተሩ እስከ ቴሌቪዥኑ ባለው ዋይፋይ፣ እንዲሁም በራሱ በቴሌቪዥኑ ወይም በስልኩ። ከታች ያሉት አመለካከቶች አብዛኞቹ እነዚህን ሦስቱን ከማምታታት የሚመጡ ናቸው።

«ኔቱ ደካማ ነው፤ ፓኬጁን ማሳደግ ነው»

ቪዲዮ የሚፈልገው ፍጥነት ብዙዎች ከሚገምቱት ያነሰ ነው። ኔትፍሊክስ ለ720ፒ 3 ሜጋቢት በሰከንድ፣ ለ1080ፒ 5፣ ለ4ኬ 15 ይበቃል ይላል። ዩቲዩብ ደግሞ ለ480ፒ 1.1፣ ለ720ፒ 2.5፣ ለ1080ፒ 5፣ ለ4ኬ 20 ይመክራል። 10 ሜጋ የሚገባለት ቤት አንድ ቴሌቪዥን ላይ 1080ፒ ያለ ምንም ችግር ማየት አለበት። ካልቻለ የጎደለው ፍጥነት ሳይሆን የመስመሩ መርጋት ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ቪዲዮው የሚላከው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 10 ሰከንድ በሚደርሱ ቁርጥራጮች ተከፋፍሎ ነው። ማጫወቻው ጥቂቶቹን ቀድሞ አውርዶ ያጠራቅማል። 15 ሰከንድ የሚሆን ቪዲዮ ቢያጠራቅምና መስመሩ ለ20 ሰከንድ ቢዘጋ፣ የቀኑ አማካይ ፍጥነት የፈለገውን ያህል ቢያምር ምስሉ መቆሙ አይቀርም። ቀጥታ ስርጭት ላይ ገና ያልተከናወነ ነገር ቀድሞ ማውረድ ስለማይቻል የሚጠራቀመው ትንሽ ነው። ኳሱ ሲቆራረጥ ትናንት የተጫነ ቪዲዮ በሰላም የሚታየው በዚህ የተነሳ ነው።

እግረ መንገድ፦ ፓኬጅ የሚሸጠው በሜጋቢት ነው፣ ኮምፒውተር ሲያወርድ ግን የሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ ሜጋባይት ነው። 8 ሜጋቢት 1 ሜጋባይት ነው። በ10 ሜጋ መስመር በሰከንድ 1.2 ሜጋባይት ሲወርድ ካዩ ማንም አላታለለዎትም።

«ስፒድቴስት ጥሩ ካሳየ ኔቱ ጤነኛ ነው»

የፍጥነት መለኪያዎች ቅርብ ያለ ሰርቨር መርጠው፣ ብዙ ግንኙነት በአንድ ጊዜ ከፍተው ለጥቂት ሰከንዶች ይለካሉ። ሰርቨሩ አንዳንዴ በዚያው በአቅራቢው ኔትወርክ ውስጥ ያለ ነው። ቪዲዮው ደግሞ ከሌላ ቦታ፣ በሌላ መንገድ፣ ለሰዓታት ይመጣል። ፋስት ዶት ኮም የሚለካው ከኔትፍሊክስ ሰርቨሮች ስለሆነ ለእውነቱ ትንሽ ይቀርባል፤ እሱም ቢሆን የሚያሳየው የዚያችን ደቂቃ ብቻ ነው።

የሚሻለው ሁለት ነገር ማድረግ ነው። አንደኛ፣ ችግሩ በሚከሰትበት ሰዓት ሦስት ቦታ ላይ ይለኩ፦ ላፕቶፑን በኬብል ራውተሩ ላይ ሰክተው፣ ከዚያ ኬብሉን ነቅለው ራውተሩ አጠገብ በዋይፋይ፣ በመጨረሻ ቴሌቪዥኑ ያለበት ቦታ ላይ በዋይፋይ። በኬብል 20፣ ራውተሩ አጠገብ 19፣ ቴሌቪዥኑ ጋ 3 ከመጣ ፓኬጅ ማሳደግ ምንም አይፈይድም፤ ችግሩ ግድግዳው ነው። በኬብልም ቢሆን ቀን ላይ 20 ሆኖ ማታ 4 ከሆነ ደግሞ ሰው ሁሉ ኔት ላይ በሚሆንበት ሰዓት ከቤትዎ ውጭ ያለው መስመር ተጨናንቋል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ፒንግ ያስኪዱ፤ ማለትም ትንሽ መልእክት እየላኩ መልሱ በስንት ሚሊሰከንድ እንደሚመለስ ይለኩ። ይህ ከሁሉም በላይ የሚናገር ምርመራ ነው፣ ወጪም የለውም። ላፕቶፑን ቴሌቪዥኑ አጠገብ በዋይፋይ አገናኝተው ሁለት የትእዛዝ መስኮቶች ይክፈቱ። በአንዱ የራውተሩን አድራሻ (ብዙ ቤት 192.168.1.1 ነው)፣ በሌላው 8.8.8.8ን (ውጭ ያለ የጉግል ሰርቨር ነው) ፒንግ ያድርጉ። ዊንዶውስ ላይ ከአራት ጊዜ በኋላ እንዳይቆም ከአድራሻው ቀጥሎ ክፍተት፣ ሰረዝና ትንሿን «ቲ» ይጨምሩ። ቪዲዮው እየሄደ 10 ደቂቃ ይተዉት። ክቡ መዞር ሲጀምር ሁለቱን መስኮቶች ይመልከቱ። ለራውተሩ የሚሄደው ጤነኛ ሲሆን ከጥቂት ሚሊሰከንድ አያልፍም። እሱ ራሱ 200 ወይም 300 እየዘለለ ከሆነ፣ ወይም መልስ እያጣ ከሆነ፣ ችግሩ ዋይፋዩ ነው። የራውተሩ ረግቶ የ8.8.8.8 ብቻ ከጠፋ ደግሞ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነው፤ ሲደውሉ የሚያቀርቡት ማስረጃ አገኙ ማለት ነው።

«ዋይፋዩ እኮ ሙሉ ነው»

የዋይፋይ ምልክቱ መሙላት የሚነግረን ስልኩ ራውተሩን ምን ያህል ጮክ ብሎ እንደሚሰማው ነው። በዚያው ቻናል (ራውተሩ በሚጠቀመው የሬዲዮ ሞገድ ክፍል) ላይ ስንት የጎረቤት ራውተር እንዳለ አይነግረንም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ዋይፋይ አናላይዘር የሚባለውን ዓይነት አፕ ከፍቶ ማየት ይበቃል፤ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ኔትወርኮቹ ተደራርበው ይታያሉ። በዚህ ድግግሞሽ ላይ እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። ጎረቤት 6 ላይ ስለሆነ እኔ 4 ላይ ልሁን ማለት ያባብሰዋል፤ ከ1ም ከ6ም ጋር ይጋጫሉ። ከሦስቱ ቀለል ያለውን ይምረጡ፤ የቻናሉን ስፋትም 40 ከሆነ ወደ 20 ሜጋኸርዝ ዝቅ ያድርጉት። ፍጥነቱ ወረቀት ላይ ይቀንሳል፣ ቪዲዮው ግን ይረጋል። ማይክሮዌቭ ምድጃም የሚሠራው እዚያው 2.45 ጊጋኸርዝ አካባቢ ስለሆነ፣ ምግብ በሚሞቅበት ሰዓት ብቻ የሚቆራረጥ ቪዲዮ ምንጩ እሱ ሊሆን ይችላል።

ቴሌቪዥኑ 5 ጊጋኸርዝ የሚቀበል ከሆነና ከራውተሩ ከአንድ ግድግዳ በላይ ካልራቀ እዚያ ላይ ያድርጉት። ሁለቱ ድግግሞሾች በአንድ ስም ከሆኑ ቴሌቪዥኑ በራሱ ወደ 2.4 ሊመለስ ስለሚችል ስማቸውን ይለያዩ። 5 ጊጋኸርዝ ላይ ደግሞ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ ከ52 እስከ 144 ያሉት ቻናሎች ከራዳር ጋር የሚጋሩ ናቸው። ራውተሩ ራዳር የሰማ ሲመስለው ቻናሉን ወዲያው መልቀቅ አለበት፤ ወደ ሌላ የራዳር ቻናል ለመግባትም ቢያንስ 60 ሰከንድ ማዳመጥ ይኖርበታል። በኤርፖርት አካባቢ ዋይፋዩ ያለ ምክንያት ለአንድ ደቂቃ የሚጠፋ ከሆነ ቻናሉን ከ36፣ 40፣ 44 ወይም 48 አንዱ ላይ ያስሩት።

የሲግናሉን ጥንካሬ አፑ በዲቢኤም ያሳያል፤ ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ሲግናሉ ይበረታል። ከ-50 እስከ -60 ግሩም ነው፤ እስከ -67 ለቪዲዮ ይበቃል፤ ከ-75 በታች ሲወርድ መቆራረጥ ይጠበቃል። ራውተሩን ከቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥን ጀርባ ወይም ከቆርቆሮ ግድግዳ አጠገብ አንስቶ ክፍት ቦታ ላይ፣ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ብቻ 10 ዴሲቤል ሊያሻሽል ይችላል። ብረት የበዛበት የኮንክሪት ግድግዳ ከሆነ ግን ቦታ መቀየር አይበቃም።

«ኤክስቴንደር ሲገዛ ያልቃል»

ኤክስቴንደር (ዋይፋይን የሚያራዝመው መሣሪያ) የሚያባዛው ያገኘውን ሲግናል ነው። ዋይፋይ በማይደርስበት ክፍል ከሰኩት የሚያባዛው ያንኑ ድካም ነው፤ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ቪዲዮው አይሄድም። ቦታው መንገድ አጋማሽ ላይ፣ የራውተሩ ሲግናል ገና -65 አካባቢ ሳለ ነው። በአንድ ድግግሞሽ ብቻ የሚሠራው ርካሹ ዓይነት ደግሞ የሚቀበለውም የሚያስተላልፈውም በዚያው አየር ስለሆነ ፍጥነቱን ግማሽ ያህል ይቀንሰዋል።

ለማይንቀሳቀስ ቴሌቪዥን ከሁሉም የሚበልጠው ኬብል ነው። ካት 5ኢ የሚባለው የኔትወርክ ኬብል 1 ጊጋቢት እስከ 100 ሜትር ያደርሳል። የብዙ ቴሌቪዥኖች የኬብል መሰኪያ 100 ሜጋቢት ብቻ ነው፤ ያም ለ4ኬ ከበቂ በላይ ነው። ጫፉን ራስዎ የሚሠሩ ከሆነ የቀለሙ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ነጭ ብርቱካንማ፣ ብርቱካንማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። አረንጓዴው ጥንድ በሰማያዊው ግራና ቀኝ መከፈሉ ስህተት እንዳይመስልዎት፤ 3ኛውና 6ኛው ሽቦ አብረው የተጠመዘዙ ጥንድ መሆን አለባቸው። ብዙ ሠራተኛ ቀለሞቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ በተርታ ያስገባቸዋል፤ በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ስለሆነ ርካሹ መፈተሻ ስምንቱንም መብራት በቅደም ተከተል ያበራል፣ «ይሠራል» ይባላል። ኬብሉ ሲረዝም ግን በሽቦዎቹ መካከል ያለው ጣልቃ ገብነት ፓኬት (የዳታ ቁራጭ) ያስጥላል፣ ቪዲዮውም ይቆራረጣል። በኬብል ተገናኝቶ ከዋይፋይ የባሰ ቤት ሲገጥምዎ መጀመሪያ ጫፎቹን ይመልከቱ።

«ማንም የሚያወርድ ስለሌለ መስመሩ ነፃ ነው»

ማውረዱን ሁሉም ያስባል፤ መላኩን የሚያስብ ጥቂት ነው። ስልክ ዋይፋይ ሲያገኝ የቀኑን ፎቶና ቪዲዮ ወደ ጉግል ፎቶስ ወይም አይክላውድ መስቀል ይጀምራል። የጥበቃ ካሜራም ወደ ክላውድ የሚልክ ከሆነ ቀን ከሌት አያርፍም። በመዳብ ስልክ መስመር በሚሠራው ኤዲኤስኤል ላይ የመላኪያው አቅም አብዛኛውን ጊዜ 1 ሜጋ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ስለሆነ አንድ ስልክ ይሞላዋል። ቪዲዮ ሲወርድ ደግሞ ቴሌቪዥኑ «ደረሰኝ» የሚል ትንሽ መልስ በዚያው መንገድ መላክ አለበት። መልሱ ወረፋ ሲይዝ የሚወርደውም ይዘገያል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ የ8.8.8.8 ፒንግ እየሄደ ትልቅ ፋይል ይላኩ። 30 ሚሊሰከንድ የነበረው 400 ወይም 800 ከገባ ምንጩ ተገኝቷል። ፎቶ መስቀሉን ሌሊት እንዲሆን ያድርጉ። ራውተሩ ኤስኪውኤም ወይም የሚታመን ኪውኦኤስ (ወረፋውን የሚያስተዳድር ማስተካከያ) ካለው የመላኪያውንም የማውረጃውንም ገደብ ከተለካው ፍጥነት ከ85 እስከ 90 በመቶ ላይ ይወስኑት። ትንሽ ፍጥነት ሰውቶ ወረፋውን ማስቀረት ነው።

«ሪስታርት ካደረግኩት ይስተካከላል»

ይስተካከላል፤ ግን ምልክቱን አጥፍቶ ነው። ከማጥፋትዎ በፊት የራውተሩን አድራሻ ብራውዘር ላይ ጽፈው ገጹን ከፍተው ሁለት ሰዓቶች ይመልከቱ፦ ራውተሩ ከበራ ስንት ጊዜ ሆነው፣ መስመሩ ከተገናኘስ? እርስዎ ሳይነኩት ራውተሩ ከበራ 40 ደቂቃ ብቻ ከሆነ ራሱ እየጠፋ እየበራ ነው። መብራት ብልጭ ብሎ ሊሆን ይችላል፤ አዳፕተሩም ሊሆን ይችላል። ራውተሩ ጀርባ ላይ 12 ቮልት 1 አምፒር ተጽፎ የተሰካው የሌላ ዕቃ 0.5 አምፒር አዳፕተር ከሆነ ቀለል ባለ ሥራ ይቆያል፣ ቤቱ በሙሉ ቪዲዮ ሲከፍት ግን ይወድቃል።

ራውተሩ ከበራ 9 ቀን ሆኖ መስመሩ ከተገናኘ 20 ደቂቃ ከሆነ ደግሞ የሚቆረጠው መስመሩ ነው። ኤዲኤስኤል ከሆነ ኤስኤንአር ማርጂን (ሲግናሉ ከረብሻው በላይ ያለው ትርፍ አቅም) የሚለውን ይዩ፤ ከ6 ዴሲቤል በታች ከሆነ ለመቆረጥ የቀረበ ነው። መደበኛ ስልኩ ያለ ማጣሪያ ተሰክቶ ካልሆነ፣ ክረምት ላይ ብቻ የሚብስ ከሆነ ውጭ ያለው መገጣጠሚያ ውኃ ሳይገባበት አይቀርም። ፋይበር ከሆነ የሚገባውን የብርሃን ኃይል ይመልከቱ፤ ለተለመደው ጂፖን (የቤት ፋይበር) መሣሪያ ከ-8 እስከ -27 ዲቢኤም ባለው ውስጥ መሆን አለበት። -26 እና -27 ላይ ያለው አለ ተብሎ የማይታመን ነው፤ ገመዱ ከዕቃ ጀርባ ታጥፎ ወይም ጫፉ ቆሽሾ ሊሆን ይችላል። እጥፋቱን ያቃኑት፤ ጫፉን ግን አውጥተው በጨርቅ አይጥረጉት፣ ወደ ውስጡም አይመልከቱ። ሲደውሉ «ይቆራረጣል» ብቻ ከማለት እነዚህን ቁጥሮችና የተቆረጠባቸውን ሰዓቶች ይንገሩ።

«ዲኤንኤስ መቀየር ወይም ቪፒኤን ያፈጥናል»

ዲኤንኤስ ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይር ብቻ ነው፤ ቪዲዮው ከተጀመረ በኋላ ፍጥነቱን አይነካም። አንዳንዴ እንዲያውም ራቅ ወዳለ ሰርቨር ሊመራዎት ይችላል። ቪፒኤን ግንኙነቱን በሌላ ሰርቨር በኩል አዙሮ መንገዱን ስለሚያረዝም አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል፤ የሚረዳው የተለመደው መንገድ ሲጨናነቅ ወይም ቪዲዮ ሆን ተብሎ ሲገደብ ብቻ ነው።

«ምስሉ ከተንቀጠቀጠ ኔት ነው»

ክቡ ሲዞር ነው ኔት የሚጠረጠረው። ድምፁ ሳይቋረጥ ምስሉ ብቻ ከዘለለ መሣሪያውን ይጠርጥሩ። ዩቲዩብ ላይ ስታትስ ፎር ነርድስ የሚለውን ያብሩ፤ ኮምፒውተር ላይ ቪዲዮው ላይ በቀኝ ጠቅ ሲደረግ ይወጣል፣ ቴሌቪዥን ላይ ከማስተካከያው ምልክት ሥር ነው። ባፈር ሄልዝ የተጠራቀመውን በሰከንድ ይነግርዎታል፤ ድሮፕድ ፍሬምስ ደግሞ መሣሪያው ማሳየት አቅቶት የጣላቸውን ምስሎች። 30 ሰከንድ ተጠራቅሞ እያለ የተጣሉት ምስሎች እየጨመሩ ከሄዱ ኔቱ ሥራውን ጨርሷል፤ አቅም ያነሰው የቴሌቪዥኑ ወይም የቦክሱ ፕሮሰሰር ነው። ኮዴክስ (የቪዲዮው አጨማመቅ ዓይነት) በሚለው መስመር ኤቪ01 ወይም ቪፒ09 ከተጻፈና መሣሪያው ያረጀ ከሆነ ጭነቱ ከዚያ ነው የሚመጣው። ጥራቱን በእጅ ወደ 720ፒ ዝቅ ማድረግ፣ ማከማቻው ከሞላ የማይፈለጉትን አፖች ማጥፋት፣ የቀሩትንም አፕዴት ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ባለ 32 ኢንቹ ቴሌቪዥን ላይ ከሶፋ ሆነው 720ፒን ከ1080ፒ ለመለየት ይቸገራሉ።